የአባቴ ወፍራም ፊደል

ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ከሚያትመው ወጣት ቤት ገብቼ ነበር። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ የፊደል ዓይነቶችን ሲያሳየኝ ቆየና «እትዬ፣ ይቺስ?» አለኝ። ወፍራም፣ ማዕዘን የሌላት፣ ጫፏ ሁሉ እንደ አውራ ጣት የተድበለበለ ፊደል ነበረች። በቤቱ ውስጥ ከማሽኑ ሙቀት በቀር ምንም አልነበረም፤ እኔን ግን ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅና የዘይት ቀለም ሸተተኝ። ይቺ ትቅርብኝ ብዬው ወጣሁ። ልጁ የከፋኝ መስሎት በር ድረስ ተከተለኝ።

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበሩ። የጭማቂ ቤቱን፣ የፀጉር አስተካካዩን፣ የቪዲዮ ቤቱን ቆርቆሮ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ፊደላቸውን ከማንም አልቀዱም። ኩርባውን በቀለም ጣሳ ክዳን ያወጡታል፤ ቀጥ ያለውን እግር እንኳ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ያድበለብሉታል። «የራበው ሰው ሹል ነገር አይወድም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ አንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልሆነልኝም። ወፍራም ፊደል ውስጡ ቶሎ ይደፈናል። እኔ ደግሞ የ«ጠ»ን ሦስት እግሮች ሁልጊዜ አጣብቃቸው ነበር። «አታፍኛት፣ ትተንፍስ እንጂ» ይሉኝና ገና ያልደረቀውን ቀለም በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፍቀው በእግሮቹ መሃል መንገድ ያወጣሉ። ያቺን ጥፍር ለዚሁ ሲሉ አይቆርጧትም ነበር።

ለኀዘን ግን ይህን ፊደል አይሰጡም። የመርዶ ወረቀት በቀጭን ጥቁር ብዕር፣ ከላይ መስቀል ተደርጎበት ነው የሚጻፈው። «ይቺ የገበያ ናት» ይላሉ፤ አገሩም እንደዚያው ለምዶት ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ መርሳት ጀመራቸው። መጀመሪያ የቀለሞቹን ስም፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን፣ ኋላም ቤታችንን። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ሁለታችን ብቻ ነበርን። በሐምሌ አንድ ጠዋት ቆርቆሮ ልሰቅል ስወጣ «መጣሁ፣ እቤት ይጠብቁኝ» አልኳቸው። ስመለስ በሩ ክፍት ነው፤ ካፖርታቸውም ከምስማሩ ላይ የለም።

በማግስቱ አንድ የሚኒባስ ረዳት ቡናማ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ሐሙሲት ላይ መውረዳቸውን ነገረኝ። ወረቀት ብለጥፍ ዝናብ ስለሚያጥበው ቆርቆሮ አወጣሁ። ቀጭኑን ጥቁር ፊደል ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ በገዛ እጄ መርዷቸውን የምናገር መሰለኝ። ስለዚህ ሰማያዊ ተቀብቶ በደረቀው ቆርቆሮ ላይ በቢጫ፣ በራሳቸው ወፍራም ፊደል «አባቴ ጠፍተውብኛል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ መልካቸውንና አድራሻዬን አስከተልኩ። ከሩቅ ይታያል ብዬም ተጽናናሁ።

ሐሙሲት መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቷ አልነበሩም፤ አስተናጋጇ ፈቀደችልኝ። ከዚያ ይፋግ ሄድኩ፣ እብናት ሄድኩ፣ ያልገባሁበት ቤተ ክርስቲያን፣ ያልጠየቅሁት የጠበል ቦታ የለም። ጭቃው ጫማዬን በላው። እግዜርን ለመንኩት፣ ተሳልኩለት፣ በመጨረሻም ተጣላሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙሲት ተመለስኩ። ገበያ ነበር። ቆርቆሮዬ ከሩቅ ያበራል፤ ከሥሩ ሰዎች ተደርድረው ሻይ ይጠጣሉ። አንዱን፣ የተማረ የሚመስለውን፣ ይህን አንብበኸዋል ወይ አልኩት። ቀና ብሎ አየውና ጭማቂ ቤት የተከፈተ መስሎት እንዳላነበበው ነገረኝ። ሌላውም እንደዚያው። ያ ሁሉ ገበያተኛ አይቶታል፤ የሚሸጥ ነገር መስሎት አልፏል። ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህን ጊዜ የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴት፣ አጠገቤ መጡ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ፤ ቤቴን ያሳመሩልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። «አንድ ሽማግሌ ግን ወደዱት። በተሰቀለ በማግስቱ መጥተው በጣታቸው ሲከተሉት አረፈዱ። ሻይ ሰጠኋቸው።»

ካፖርታቸው ምን ዓይነት ነበር አልኩ። ቡናማ ነው አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«'የልጄ እጅ ነው' አሉ። ኋላ ግን 'መጣሁ ብላኛለች፣ እቤት ልጠብቃት' ብለው ተነሡ።»

በየት በኩል እንደሄዱ ስጠይቃቸው በእጃቸው የባሕር ዳሩን መንገድ አሳዩኝ። ቤታችን በሌላው በኩል ነው።

አባቴ አልተገኙም። ዛሬም የጭማቂ ቤት ቆርቆሮ ባየሁ ቁጥር እያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ምናልባት የሰው ስም ይኖርበት ይሆናል እያልኩ።

ያን ዕለት ቆርቆሮውን አውርጄ በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤው ተመለስኩ። እቤት ስፈታው ነው ያየሁት። የ«ጠ»ን እግሮች በጭንቀቴ አጣብቄያቸው ነበር፤ አሁን ግን በመሃላቸው ሁለት ቀጫጭን ሰማያዊ መንገዶች አሉ፣ በጥፍር የተፋቁ።