ባለቤቴ ያላለቀሰችው እንባ

ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥባለች። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከዋናው ሕንፃ ጀርባ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ ሁለት ትልልቅ ማሽኖች፣ አንድ ረጅም የማጠፊያ ጠረጴዛ፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት። ማሽን ያጠበውን እሷ አታምንም። አንሶላው ደርቆ ሲመጣ ጠርዙን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ ታሸዋለች። ሳሙና ከቀረበት "ያሟልጫል" ትልና ወደ ማሽኑ ትመልሰዋለች። ጨርቅ መንጻቱን በጣት እንጂ በዓይን ማወቅ አይቻልም ባይ ስለሆነች ጓንት አጥልቃ አታውቅም። አለቆቿ ተቆጥተዋታል፣ ለምነዋታል፣ ጓንት በስሟ ከግምጃ ቤት ወጪ አድርገው ሰጥተዋታል። ጡረታ ስትወጣ ጓንቶቹ ከነማሸጊያቸው መሳቢያዋ ውስጥ ተደርድረው ተገኙ፤ ከዕቃዋ ጋር ቤት መጥተው እንደገና መሳቢያ ገቡ።

የሥራ ጓደኞቿ "ኮሌታ" ይሏት ነበር። የሐኪሞቹን ጋውን ስትረከብ መጀመሪያ የምታየው ኮሌታውን ነው። አንድ ጊዜ ኮሌታው ጠቁሮ የመጣ ጋውን አንስታ፣ ይሄ ሰውዬ አንገት እንዳለው የሚያስታውሰው የልብ ማዳመጫው ብቻ ነው ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው ብለው ነግረውኛል። ቤት ውስጥ ግን ቁጥብ ነበረች።

እኔ የእህል መጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ነቀዝ እንዳይገባ ጆንያ የሚደረደርበትን ወለልና ግድግዳ በፀረ ተባይ መድኃኒት እረጫለሁ። በዚያን ጊዜ ማንበብ አልችልም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የቀረው ታሪክ ያለ እሱ ስለማይገባ ነው። መድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ የራስ ቅል ተሥሎበታል፤ እሱን አውቀዋለሁ። ከሥዕሉ በታች ያለው ደቃቅ ጽሕፈት ግን ለእኔ ነቀዝ እህል ላይ ከሚተወው ቀዳዳ የተለየ አልነበረም።

መጋዘኑ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። የርጭት ቱታ ከግቢ አይወጣም። እዚያው ይታጠባል፣ እዚያው ይሰቀላል። ይህን ደንብ ሃያ ዓመት አክብሬያለሁ። ያፈረስኩት ልጃችን ከሞተች በኋላ ነው።

ልጃችን አንዲት ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በታመመች በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ባለቤቴ አላለቀሰችም። በቀብሩ ቀን ለሚያለቅሰው ሰው ሁሉ መሐረብ ታቀብል ነበር፤ መሐረቦቹም የተተኮሱ ነበሩ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። አብረውን ለመሰንበት የመጡት የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጡ። ያላለቀሰ ሰው ውስጡ ይበላሻል እያሉ የልጅቷን ፎቶግራፍ ፊቷ ያስቀምጡላታል። እሷ ፎቶግራፉን አንስታ መስታወቱን ትወለውልና ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። እኔም አላለቀስኩም። ስለ እኔ ግን የጠየቀ የለም።

ጡረታ ወጥታ ቤት ነበረች፤ የያዘችው ሥራ ማጠብ ነበር። መጋረጃውን አጠበች፣ የአልጋ ልብሱን አጠበች፣ የታጠበውን ደግማ አጠበች። ቤት ውስጥ የሚታጠብ ሲጠፋ እኔ ከሥራ ስገባ በር ላይ እጇን ትዘረጋለች፤ ሸሚዜን አውልቄ እሰጣታለሁ። ያን ሰሞን ከእኔ የምትፈልገው ነገር ያ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሸሚዙን ተቀብላ፣ "ቱታህስ?" አለችኝ።

እዚያው መጋዘን እንደሚታጠብ ነገርኳት።

"ማን ያጥበዋል?"

"እኛው ነና።"

"እናንተ ደግሞ ኮሌታ ታውቃላችሁ?" አለች። የዱሮ ድምፅዋን ለመምሰል ትንሽ ነበር የቀረው። በማግሥቱ ቱታዬን በፌስታል ጠቅልዬ አመጣሁላት። ከዚያ በኋላ ሳምንት በሳምንት አመጣ ነበር፤ ሁልጊዜም አስቀድሜ በመጋዘኑ ውሃ አለቀልቀው ነበር።

ልጃችን በሞተች በሰባተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቱታዬን ከመደርደሪያ ላነሣ ስል እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ከበላዩ የተቀመጠው ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ ሌሊቱን ሲንጠባጠብበት አድሯል። ከውሃ ጋር ያልተቀላቀለው፣ ወፍራሙ መድኃኒት ነው፤ ኮሌታውና እጅጌው ጠጥተውታል። ለአለቃዬ መንገር ነበረብኝ። ብነግረው ቱታውን ይወስደዋል። እሷ ደግሞ በር ላይ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ወሰድኩላት። ዛሬ መድኃኒት ነክቶታል፣ ውሃ አብዢበት አልኳት። ያልኳት ይህን ብቻ ነው።

መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ነው። ብርድ ስለነበር መስኮቱን ዘግታ፣ ሙቅ ውሃ በሳፋ ቀድታ፣ በባዶ እጇ ገባችበት። ከአንድ ሰዓት በላይ ስትፈትግ ይሰማን ነበር። እኔና እትዬ ሳሎን ተቀምጠናል። ኋላ እትዬ ሊያዩአት ገብተው ወዲያው ተመለሱ፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

"አለቀሰች" አሉኝ በሹክሹክታ።

እንባዋ ጉንጯን አልፎ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፣ አፍንጫዋም ይፈሳል አሉኝ። እጇን ይዘው ወደ መኝታ ቤት ወሰዷት፣ መጋረጃውን ጋረዱ፣ በሩን ዘጉና ወንበር ስበው በሩ ፊት ተቀመጡ። ይውጣላት፣ ማንም እንዳይገባ አሉ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ደስ አለኝ ለማለት እችላለሁ፤ ደስታ ምን ይመስል እንደነበር ስለረሳሁ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ጥቂት ቆይቶ የሚሰማው ድምፅ ለቅሶ አልመስለኝ አለ። ሳል ነበረው። ትንፋሹ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቱቦ ይንቦጫረቃል። አስመለሳት። ለእትዬ ብነግራቸው የሰባት ወር ጥርቅም ነው፣ ምን ይመስልሃል አሉኝ። ውሃ ልስጣት ብዬ አልፌአቸው ገባሁ።

በጀርባዋ ተኝታለች። ትራሱ በላብ ርሷል፤ ከከንፈሯ ዳር ለሃጭ ይወርዳል። የጉንጯ ሥጋ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፣ ከቆዳው ሥር የሚሄድ ነገር ያለ ይመስላል። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ በጨለማ የሰው ብሌን ይሰፋል። የእሷ ግን የመርፌ ጫፍ አክሏል።

እንዲህ ያለ ዓይን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አይቻለሁ። "ረጅሙ" የምንለው የሥራ ባልደረባችን ያንኑ መድኃኒት ሲረጭ መጋዘን ውስጥ ወድቆ ተሸክመን ስናወጣው፣ አለቃችን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቱ ገልጦ አሳየንና፣ ይህን ዓይን ያየ ሰው ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅ፣ ይሩጥ ብሎን ነበር። ቱታው ሳፋው ውስጥ ነው።

ታክሲ ይዘን ሠላሳ አንድ ዓመት ወደሠራችበት ሆስፒታል ወሰድናት። የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር። እትዬ ቀድመውኝ ነገሩት። ልጇ ሞታባት ሰባት ወር ሙሉ አላለቀሰችም፤ ዛሬ ገንፍሎ ወጣና ከአቅሟ በላይ ሆነ፤ የሚያረጋጋ መርፌ ቢሰጧት አሉት። ሐኪሙ አንገቱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ነገሩ እውነት ይመስላል። እኔ ራሴ ያመንኩት ነገር ነው።

ዝም ብል እንደ ሐዘንተኛ አስተኝተዋት ትሞታለች። ብናገር ደግሞ በእህቷ ፊት ሚስቴን የመረዝኳት እኔ ነኝ ማለት ነው። ያች የሰባት ወር እንባም እንባ አልነበረችም ማለት ነው።

"ሐዘን አይደለም ዶክተር" አልኩት። "መርዝ ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

እትዬ ዞረው አዩኝ። ሐኪሙ የመርዙን ስም ጠየቀኝ። ማንበብ እንደማልችል ነገርኩት፤ ነጭ ጠርሙስ ነው፣ ቀይ መስመር አለው፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል አልኩት። የዓይኗን ቆብ ገለጠና እስክሪብቶውን ጣለው። ልብሷን በመቀስ ቀድደው አወለቁ፤ ገላዋን ከራሷ ፀጉር ጀምሮ በሳሙና አጠቡት። አትሮፒን የሚባል መድኃኒት በክንዷ ሰጧት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደገሙት፣ ሰለሱት፣ ደረቷ ውስጥ የሚንቦጫረቀው እስኪጠፋ ድረስ ቀጠሉ። ቀስ በቀስ ላቡ ቆመ። እንባውም ደረቀ። እትዬ ጉንጯን ዳሰሱና፣ "አደረቃችሁባት" አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ነቃች። ከሁሉ በፊት ያደረገችው ነገር የአንሶላውን ጠርዝ መፈለግ ነበር። በሁለት ጣቷ አሸችውና፣ "ያሟልጫል" አለች።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙን ነገሩን እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። አላነብም እንጂ ከነገሩኝ ይገባኛል አልኩት። በካርድ ጀርባ ሁለት ዛፍ የመሰሉ ነገሮች ሣለ፤ ቅርንጫፎቻቸው ሊነካኩ ደርሰው አይነካኩም።

እነዚህ የነርቭ ሴሎች ናቸው አለኝ። መልእክት በአንዱ ሴል ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ይሮጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ክፍተት አለ፤ ይህ መገናኛ ሲናፕስ ይባላል። ኤሌክትሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ክፍተት አይዘልም። ጫፉ ላይ በመልእክተኛ ኬሚካል የተሞሉ ደቃቅ ከረጢቶች አሉ፤ መልእክቱ ሲደርስ ከረጢቶቹ ይከፈቱና ኬሚካሉን ክፍተቱ ውስጥ ይደፉታል። ተሻግሮ በወዲያኛው ወገን ባለው ተቀባይ ላይ ያርፋል። ተቀባዩ ጡንቻ ከሆነ ይኮማተራል፤ የእንባ ዕጢ ከሆነ ያፈልቃል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት መልእክተኞች አንዱ አሴታይልኮሊን ይባላል።

"ከዚያስ?" አልኩት።

ከዚያ ጠራጊ አለ አለኝ። ኢንዛይም ነው፤ መልእክተኛውን ወዲያው ቆራርጦ ክፍተቱን ያጸዳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተባለ ነገር አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልቃል። የእኔ የነቀዝ መድኃኒት የዚህን ጠራጊ እጅ ያስረዋል። መልእክተኛው ይጠራቀማል፤ ዓይን አፍስስ የሚለውን ትእዛዝ ያለ ማቆሚያ ይሰማል፤ አፍም፣ ሳንባም እንዲሁ። ነቀዙም የሚሞተው በዚሁ መንገድ ነው። አትሮፒን ጠራጊውን አይፈታውም፤ በእነ ዓይንና ሳንባ ላይ የተቀባዩን ወንበር ቀድሞ ይይዝና መልእክተኛውን ያስቆመዋል። አዲስ ጠራጊ ሰውነቷ ራሱ ነው የሚሠራው፤ ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ይፈጃል አለኝ።

ይህ ሁሉ ገብቶኛል። ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር።

"የመጀመሪያውን ትእዛዝ ማን ሰጠው ዶክተር? ዓይኗን አልቅሽ ያላት ማነው?"

"ማንም አላዘዘም አባባ" አለኝ። "ዓይን እንዳይደርቅ ሰውነት ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ የሚለው ነገር ነው። ለእርስዎም፣ ለእኔም እያለ ነው። የእሷ አልጠረግ ብሎ በዛ እንጂ።"

እትዬ ከአልጋው ማዶ ሆነው ይሰሙ ነበር። ሐዘኑስ ታዲያ የት ሄደ ብለው ጠየቁት። ስለ እሱ የማውቀው የለኝም አላቸው፤ ካርዱን ለእኔ ትቶልኝ ወጣ።

ያን ዕለት ከሰዓት እትዬ ልብስ ሊያመጡ ቤት ሄደው ብቻችንን ስንሆን፣ ለቅሶ መስሎን በር ዘግተንባት መቀመጣችንን ነገርኳት። ቱታውንም፣ ጠርሙሱንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ "እኔም መስሎኝ ነበር" አለች።

"ምን?"

"ኮሌታውን ስፈትግ ዓይኔ መፍሰስ ጀመረ። መጣ፣ አልኩ። ሳፋውን ትቼ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ልጄን አሰብኳት። ስሟን ጠራሁት። ምንም አልነበረም። ውሃ ብቻ ነበር።" ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "አንተስ?" አለችኝ።

"እኔ ምን?"

"አልቅሰሃል?"

"አይ።"

"እሺ" አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እጇ ግን የአንሶላውን ጠርዝ አልለቀቀም።

በማግሥቱ ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። ከርጭት አንሥቶ በር ላይ አደረገኝ፤ ቱታውንና ሳፋውን መጥተው ወሰዷቸው። በሩ ላይ ሥራው ጥቂት ነው። ከልጃችን ቁም ሣጥን አንደኛ ክፍል ሳለች ፊደል የተማረችበትን መጽሐፍ አወጣሁ፤ ከባዶ ጠርሙስ ላይም ጽሕፈቱን ልጬ ወሰድኩ። ፊደሉን ከመጽሐፉ እያየሁ በጽሕፈቱ ላይ እፈልገዋለሁ። በአምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም፣ አልጠየቅሁምም። በአራተኛው ወር የመጀመሪያውን መስመር ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። "ጓንት ሳያደርጉ አይንኩ" ይላል። በዚያው ሳምንት የባለቤቴ የደም ምርመራ ጠራጊው መመለሱን አሳየ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ስለ ነርቭ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ማታ ማታ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። አንዳንዴ በመሃል፣ "ያ ጠራጊህ ዛሬ ደግሞ ምን አደረገ?" ትለኛለች። እነግራታለሁ። ብዙ ጊዜ እስክጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። እንባዋን እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ እሷም የእኔን አላየችም። እትዬ ከሞቱ ወዲህ የሚጠይቀንም የለም።

አሁንም ታጥባለች። ጓንቶቹን ከመሳቢያ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሳትከራከር ታደርጋቸዋለች። ዛሬ ጠዋት ሸሚዜን ከገመድ ላይ አወረደችና የቀኝ እጇን ጓንት አወለቀች። ኮሌታውን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ ብዙ ጊዜ አሸችው። ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት።

"ምንም" አለችኝ፤ ጓንቱን መልሳ አጠለቀች።