የቃጫ ጢም

ባለፈው ሳምንት መርሳ፣ እህቴ ትርንጎ ዘንድ ሄጄ የእናታችንን ሣጥን ስንፈትሽ፣ ከነጠላዎቹ ሥር ከቃጫ የተሠራ ነጭ ጢም ወጣ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው አቧራና የደረቀ ሙጫ ሸተተኝ። ወዲያው የከተማችን አዳራሽ፣ የቆርቆሮው ወበቅና የሰው ሳቅ መጣብኝ።

ልጅ እያለሁ የመርሳ የኪነት ቡድን ከዳር እስከ ዳር በዘፈን የሚተረክ አስቂኝ ቲያትር ሊያሳይ አሰበ። ታሪኩ ወጣት ሚስት ፍለጋ መንደሩን ስለሚያምስ አንድ ሽማግሌ ነበር። ዘፋኞቹን የሚመርጡት ድርሰቱን የጻፉት አስተማሪያችን ጋሽ ደምሴና፣ ማንጎ ነጋዴዋ የሠርግ ዘፈን አውጪ እትዬ ዘሃራ ነበሩ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ እዚያ መድረክ ላይ ከመውጣት የሚበልጥ ምኞት አልነበረኝም።

በምርጫው ዕለት የተሰለፈው ሁሉ በየተራው እየወጣ አንጀት የሚበላ ትዝታ ያወርድ ጀመር። አንዲት ልጅማ ራሷን አስለቅሷት ዘፈኗን ሳትጨርስ ወረደች። ጋሽ ደምሴ ጠረጴዛውን መቱት።

«ኧረ ጎበዝ፣ ቀልድ ነው ያልኩት! ለቅሶ ቤት የመጣችሁ መሰላችሁ እንዴ?»

እትዬ ዘሃራ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ምን ያርጉ መምህር፤ የወሎን ሰው ዝፈን ካሉት ሌላ ምን ይመጣለታል? ወላሂ፣ እርስዎም አልቅሰዋል» አሏቸው።

ተራዬ ደረሰ። እኔም የማውቀው አንድ ዜማ ብቻ ነበር፤ አባቴ የብርቱካን ማሳውን ውኃ ሲያጠጣ የሚያንጎራጉረው አምባሰል። ዓይኔን ጨፍኜ ከልቤ አወጣሁት፦

ስንት ክረምት አለፈ እሷን ስጠብቃት፣
ጸጉሬ ሸበተ እንጂ ልቤስ መች ረሳት።

እናቴ በዚያው ጠዋት ራሴን በምላጭ ልጭት አድርጋኝ ነበር። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ጋሽ ደምሴ ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። እኔ ግን በእኔም በአባቴ ዜማም የተሳለቁ መሰለኝ። ዳግመኛ ላልዘፍን ምዬ በሩጫ ወጣሁ።

ደጅ ዋርካው ሥር ተቀምጬ ሳለቅስ እትዬ ዘሃራ ተከትለውኝ መጡ። የማስታውሰው እንዲህ ነው። ትከሻዬን ይዘው፣ «ከጠዋት ጀምሮ ስንነፋረቅ ውለን ያሳቅኸን አንተ ነህ። ንቀንህ አይደለም፤ ከምርህ ስለዘፈንከው ጣፍጦን ነው። በል ተነስ፣ ሽማግሌው! ሙሽራዋ እየጠበቀችህ ነው» አሉኝ።

ተነሣሁ፤ የሽማግሌውም ቦታ ተሰጠኝ። ቲያትሩ በታየበት ቀን የቃጫው ጢም አገጬን እየበላኝ ያንኑ አምባሰል ዘፈንኩ። ሕዝቡ በሳቅ ሲፈርስ አልሸሸሁም። አባቴ ከኋላ ቆሞ፣ የራሱን ዜማ እየሰማ እንባው እስኪፈስ ሲስቅ አየሁት።

ይህን ሁሉ ስተርክላት ትርንጎ ጢሙን ከእጄ ወሰደች።

«እትዬ ዘሃራ መች ከወንበራቸው ተነሡ? የወጣሁት እኔ ነኝ። ዋርካም አልነበረም፤ ቦኖው ጋ ነው ያገኘሁህ።»

ደነገጥኩ። ወልድያ ላይ ስንት ዓመት ሳስተምር፣ ያለ ማስረጃ ምንም አትቀበሉ እያልኩ፣ ይህን ታሪክ ግን ቅንጣት ሳልጠራጠር ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬአለሁ። እትዬ ዘሃራ ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ ጠይቄ ልለይ አልችልም። ያም ሆኖ በተማሪዎቼ ፊት ለእሳቸው ሳቀርብ የኖርኩትን ምስጋና አልመልሰውም፤ ያን ሁሉ ዘፋኝ ትተው እኔን መርጠዋልና። ትርንጎን ግን አንድም ቀን አመስግኛት እንደማላውቅ ታወሰኝ። ዘግይቼም ቢሆን ልናገር አፌን ስከፍት ጢሙን ከጆሮዬ ጀርባ አሰረችልኝ።

«ምስጋናው ይቆይህ። በል ዝፈን፣ ሽማግሌው!»

ያኔ በተላጨ ራስ ሸበትኩ ማለቴ ነበር ሰውን ያሳቀው። ዛሬ ቃሉ እውነት ሆኗል፤ ቃጫውና ጸጉሬ አንድ መልክ ይዘዋል። አምባሰሉን ስጀምር ትርንጎ ግን እንደዚያን ቀን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከምሬ ቀጠልኩ።