በመቋሚያ የሚነካ ማብሪያ

አባቴ የተኙበት ክፍል የተሠራው ለእንግዳ ነበር። ቱሪስት በብዛት ይመጣ በነበረበት ጊዜ ወላጆቼ ከግቢው ጠርዝ፣ የአሸተን ማርያም ተራራ በሚታይበት በኩል፣ የሚከራይ ክፍል ሠሩ። ሆቴል ይሠራ የነበረ ዘመዳችን «ፈረንጅ ቬንትሌተር የሌለው ክፍል አይወድም» ስላላቸው ከጣሪያው መሃል ባለ ሦስት ክንፍ ቬንትሌተር አሰቀሉ። የላሊበላን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀልድ ነው። እንግዳው ሲቀር ቬንትሌተሩም አቧራ ለብሶ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከዚያ የአባቴ ሳንባ ታመመ። አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው ሲጠሯቸው እየሰማሁ ስላደግሁ እኔም ልጃቸው ሆኜ «የኔታ» ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በትንፋሻቸው ነው፤ አሁን ከአልጋ ወርደው በሩ ጋ ለመድረስ እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር «ፊታቸው ላይ ነፋስ ቢያገኙ ይቀላቸዋል» ብሎ ስለመከረ ወደ እንግዳው ክፍል ተዛወሩ። እውነትም ክንፎቹ መዞር ሲጀምሩ ደረታቸው ይረጋል።

ችግሩ ማብሪያው ነበር። በሩ አጠገብ ያለ፣ በጣት ተይዞ የሚዞር አሮጌ ዕቃ ነው። አባቴ ከአልጋቸው ሆነው በእጃቸው አይደርሱበትም። ስለዚህ ትንፋሽ ሲያጥራቸው መቋሚያቸውን አንሥተው ወለሉን መታ መታ ያደርጋሉ። እናቴ ደጃፉ ላይ ፍራሽ ዘርግታ ስለምትተኛ ተነሥታ ታዞርላቸዋለች። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ የቬንትሌተሩ ነፋስ ከብርዱ ጋር ተደርቦ ሳል ስለሚቀሰቅስባቸው እንደገና ተነሥታ ታጠፋዋለች።

ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ እናቴ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «መቋሚያው ዝም አለ» አለችኝ።

«ተሻላቸው?»

«የምን መሻል! ቁጭ ብለው ያድራሉ። ‹ለምን አልመቱም?› ስላቸው ‹አንቺም ሰው ነሽ፣ ተኚ› ይሉኛል። እኔ እንደሆነ አልተኛሁ። መምታታቸውን ስጠብቅ ይነጋል።»

ዕንባዬ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። እዚያው ቆሜ ስልኬን አወጣሁና ስለ ማብሪያ ማንበብ ጀመርሁ።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ክፍል እንኳ ገና አልመረጥሁም። ቤተሰቡ ግን «ኢንጂነሯ» ማለት ጀምሯል። ስሙን እንዳላሳፍር በጥንቃቄ አነበብሁ። ማብሪያውን ወደ አልጋው ለማዛወር ግድግዳ መፈልፈል ያስፈልጋል፤ አቧራው ለአባቴ አይሆንም። ስለዚህ ከሩቅ የሚታዘዝ ስማርት ማብሪያ መፈለግ ጀመርሁ። ለአምፖል የተሠራ ማደብዘዣ ለሞተር እንደማይሆን፣ ቬንትሌተሩን ሊያቃጥለው እንደሚችል አወቅሁ። ያለ ኢንተርኔት የማይሠራውንም ተውሁት፤ እኛ አገር ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ሰዓት ተሞልቶለት ሊነጋጋ ሲል በራሱ የሚጠፋ መሆን ነበረበት። በድምፅ የሚታዘዝ እንዳለም ለእናቴ ነገርኋት።

«ድምፅማ ቢኖራቸው እኔን ይጠሩኝ ነበር» አለች።

ይኼን ስትል ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ወንፊቱን አላቆመችም። እኔም ወደ ስልኬ ተመለስሁ።

አባቴን ስጠይቃቸው የተናገሩት ስለ ስልክ ብቻ ነው። «ስልክና ዳዊት አንድ ራስጌ አይተኙም» አሉ፣ በሁለት ትንፋሽ ከፍለው። ስለዚህ ሪሞት ያለው እንዲሆን ወሰንሁ።

መሃል ከተማ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን ስናገር ባለሱቁ ሳቀ። «ላሊበላ ላይ ቬንትሌተር? ብርድ ልብስ ልሽጥልሽ እንጂ!»

«ለበሽተኛ ነው።»

ሳቁን ውጦ ያሉትን ሁሉ ደረደረልኝ። ከሁሉ ያማረው ፊቱ ጥቁር መስታወት የሆነው ነበር። በጣት ነካ ሲያደርጉት ይበራል፣ በስልክም በሪሞትም ይታዘዛል፣ ሰዓት ይይዛል። የፈለግሁትን ሁሉ አሟልቷል። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ገጠመው። እኔ በስልኬ አበራሁ፣ እናቴ በጣቷ አጠፋች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እልል አለች። ሪሞቱን በሁለት እጄ ለአባቴ ሰጠሁ። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ እደጊ» ብለው መረቁኝና ትራሳቸው ሥር አኖሩት። ጥቂት ቆይተው «እስቲ ውጡልኝ፣ ልረፍ» አሉን።

ከደጅ ቆመን ሳለ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማን። ቀጭ። ዝም። ቀጭ፣ ቀጭ። እናቴ በሩን በትንሹ ገፋ አደረገችው።

አባቴ በጎናቸው ተጋድመው፣ መቋሚያቸውን እጃቸው እስከሚደርስ ዘርግተው መስታወቱን እየነኩ ነበር። እንዳይሰበር ብለው ይመስለኛል፣ የመቋሚያውን ጫፍ በነጠላቸው ጠርዝ ጠቅልለውታል። ሲያዩን መቋሚያውን ቶሎ ሳቡና ብርድ ልብሱ ሥር አስገቡት። አባቴን እንዲያ ሆነው አይቼ አላውቅም ነበር።

«ሪሞቱስ የኔታ?» አልሁ።

ቀኝ እጃቸውን አወጡና ጣቶቻቸውን አዩአቸው። «ቁልፉ ደቃቃ ነው። ይኼ መድኃኒት ጣቴን አደንዝዞታል፤ የቱን እንደያዝሁ አላውቅም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ይኼ ዕቃ የሚያውቀው የሰው ጣት ብቻ ነው?»

«አዎ፣ የኔታ። እንጨት አይሰማውም።»

«እንጨት ያልሰማው እንዴት ዜማ ይማራል!» አሉና ሳቅ ሲሞክሩ ሳል ቀደማቸው። እናቴ ሄዳ መስታወቱን ነካችው። ክንፎቹ ዞሩ።

ያኔ ነው የገባኝ። አሮጌው ማብሪያ የሚዞር ስለሆነ በመቋሚያ አይሆንላቸውም ነበር፤ አዲሱ የሚገፋ ይሆናል ብለው ሲጠብቁ ኖረዋል። ቅዳሴ የቆሙበትን፣ ማሕሌት ያደሩበትን መቋሚያ ለእንዲህ ያለ ነገር እፈልገዋለሁ ብሎ መናገር ከብዷቸው ነው። እኛ የማብሪያውን ነገር ስናጣራ እሳቸው በምን እንደሚደርሱበት አላሰብንም።

ማብሪያውን አስፈትቼ ወደ ሱቁ መለስሁት።

«መስታወቱ አላማረሽም?» አለ ባለሱቁ።

«አምሮኛል። አባቴ ግን የሚነኩት በመቋሚያ ነው።»

«አባትሽ ማን ናቸው?»

«የዜማ መምህሩ።»

«የኔታ!» ብሎ እጁን ወደ ጀርባው ሰደደ። «ያ መቋሚያማ እኔም ጀርባ ላይ አርፏል፤ ዜማው አልገባ ሲለኝ። ቆይ፣ እሱን የሚችል ማብሪያ እፈልግልሻለሁ።»

ከኋላ ካለው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወጣ። ማብሪያው ወፍራምና ነጭ፣ መልኩ የማያምር ነው። መሃሉ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል የሚገፋ ቁልፍ አለው። አንዴ ሲገፉት ይበራል፣ ሲደግሙትና ሲሠልሱት ይፈጥናል፣ በአራተኛው ይጠፋል። ሰዓቱንም ራሱ ውስጥ ስለሚይዝ ኔትወርክ አይፈልግም።

ኤሌክትሪሺያኑ ሲገጥመው አባቴ ከአልጋቸው ሆነው በመቋሚያቸው ጫፍ «ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ» እያሉ ቦታ ያሳዩት ነበር። እሱም ግድግዳው ውስጥ ያለው የማብሪያ ሳጥን እስከፈቀደለት ድረስ ዝቅ አደረገላቸው። ሲጨርስ ማንም አልወጣም። አባቴ መቋሚያውን ያለ ነጠላ ዘረጉትና ገፉ። ጠቅ አለ። ክንፎቹ ቀስ ብለው ተነሡ። እናቴ በዚያው ቀን ከምሽቱ በፊት ፍራሿን ከደጃፉ ጠቅልላ ወደ ራሷ ክፍል ወሰደች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንደሚገባ ስለማውቅም ፈገግ አልሁ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስሁ በኋላ ወደ ቤት ደወልሁ።

«ተኝቼ አደርሁ» አለችኝ እናቴ። «ስነቃ ነግቷል። ደንግጬ ሮጥሁ። ‹ምን ሆንሽ?› አሉኝ። አሁን እንኳ ጆሮዬ ወለሉን ነው የሚጠብቅ።»

ስልኩን ለአባቴ ሰጠቻቸው። ሰላም ልላቸው ስጀምር አላስጨረሱኝም፤ ትንፋሻቸው ለወሬ አይበቃም። በስልኩ ውስጥ የቬንትሌተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ጠቅ አለ፣ ድምፁም ጨመረ። ጠቅ፤ እንደገና ጨመረ።

«ሰማሽ?» አሉ።

«ሰምቻለሁ፣ የኔታ።»

«እኔ ነኝ» አሉና ስልኩን ለእናቴ መለሱላት።

የክፍል ሰዓት ደርሶ ነበር። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። የመምህሩን ንግግር አንድም ሳላስቀር ጻፍሁ፤ ጠቅ የሚለው ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።