ባለቋጠሮዋ

የሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች፣ አብረዋቸው ከሚሠሩት ሁለት እህትማማቾች ታላቅየዋን «ክሬን» ይሏታል። ሌሎቹ ለሁለት ይዘው የሚያቃስቱበትን የእርጥብ አንሶላ ቅርጫት እሷ ብቻዋን ብድግ ታደርገዋለች። በስሙ አትከፋም። የሚያናድዳት ታናሽ እህቷን «ጭንቅላት» ማለታቸው ነው። እሷ ክሬን፣ እህቷ ጭንቅላት!

ደግሞ እውነት አላት። ድሮ የየክፍሉ ስም አንሶላው ላይ በቀለም ይጻፍ ነበር። በረኪናው በሳምንት ሲያጠፋው የሕፃናት ክፍሉ ከማዋለጃው፣ አጥንት ክፍሉ ከቀዶ ጥገናው ጋር «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ሲባባሉ ይውሉ ነበር። መላውን ያመጣችው ታላቅየዋ ናት። ለእያንዳንዱ ክፍል በአንሶላው ጠርዝ ላይ የራሱን ቀለም ክርና የራሱን የቋጠሮ ብዛት ሰጠችው፤ ለአሥራ ሁለት ክፍል አሥራ ሁለት ምልክት። ጭቅጭቁ ቀረ። ታናሽየዋንም ያስተማረቻት እሷው ናት፣ ቅናት መሃላቸው ሳይገባ።

ቅናቱ የገባው በወንበር ሰበብ ነው። ታናሽየዋ ወገቤን አለችና ወደ ማጠፊያው ጠረጴዛ ተዛወረች። ተቀምጣ ታጥፋለች፣ ተቀምጣ ትስቃለች፣ ከሰዓት በኋላም ፊቷ እንደ ጠዋቱ ነው። ታላቅየዋ ቅርጫት ተሸክማ ባጠገቧ ስታልፍ ያንን ፊት በጎን ታየዋለች። «ምን አለባት» ትላለች በሆዷ። «ቁጭ ብሎ ማን ጎበዝ የማይሆን አለ?»

አስረካቢዋ ጡረታ ስትወጣ ቦታዋ ክፍት ሆነ። ንጹሑን ልብስ ለየክፍሉ ለይቶ የማስረከብ ሥራ ነው፤ ሸክም የለውም፣ ወንበር አለው። ያመለከቱት ሁለቱ እህትማማቾች ብቻ ናቸው። ከመጣ ገና ስድስት ወሩ የሆነው የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ፣ ሐሙስ ከሥራ መውጫ በፊት ምልክቱን እያያችሁ የክፍሉን ስም ትጠራላችሁ አላቸው። ታላቅየዋ ሳቀች። የገዛ ልጇን ስም የጠየቃት ያህል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሊፍቱ ተበላሸ። እርጥቡ ልብስ ሁሉ አራት ፎቅ በደረጃ ወጥቶ ጣሪያው ላይ መሰጣት አለበት።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ፈተና አለብሽ። እኩል እንካፈለው» አለች ታናሽየዋ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

«አንቺ እጠፊ። ወገብሽን ያምሻል።»

ደግነት እንዳይመስላችሁ። የኃላፊው ቢሮ ደረጃው ሥር ስለሆነ፣ ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚቀመጥ በዓይኑ አይቶ እንዲፈርድ ፈልጋ ነው። ሃያ ሁለት ጊዜ ወጣች፣ ሃያ ሁለት ጊዜ ወረደች። ሰውየው በሩን ዘግቶ ስልክ ሲያወራ ዋለ።

ለፈተናው የቆመችው የመጨረሻውን ቅርጫት አድርሳ እንደወረደች ነው። ሦስቱን መለሰች። አራተኛው ሰማያዊ ክር ነው፣ ሁለት ቋጠሮ። ቋጠሮው የራሷ እጅ ነው፤ ያንን ክር የገዛችበትን ሱቅ ሳይቀር ታስታውሳለች። ስሙ ግን አልመጣም። «ቀዶ ጥገና» አለች። «አይደለም፣ አጥንት… አይ፣ ቆይ።» ከዚያ በኋላ የምታውቀውም ተምታታባት። ከአሥራ ሁለቱ አምስት አገኘች። ታናሽየዋ ገብታ አሥራ ሁለቱንም አንበለበለቻቸው።

«ምልክቱን የፈጠረችው እኮ እሷ ናት» አለችው ኃላፊውን። ሰውየው ፈገግ አለ። እህቷን ለማጽናናት የምትዋሽ መስሎት ነው።

እሑድ ታላቅየዋ እንቅልፍ እስክትጠግብ ተኛች። ስትነቃ፣ ገና ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ ሰማያዊው ሁለት ቋጠሮ የዓይን ክፍል መሆኑ ትዝ አላት። ሌሎቹም ሳትጠራቸው ተራ በተራ መጡ። ትራሷን ነክሳ አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት፣ ቅርጫት ሳትነካ፣ ኃላፊው አስጠራት። ታናሽየዋ አጠገቡ ቆማለች።

«እህትሽ ለመነችኝ» አላት። «ያን ቀን ደክሟት ነው፣ በጠዋት ትፈተን፣ ካለፈች ቦታውን እለቅላታለሁ ብላለች። በይ እንጀምር።»

አንሶላዎቹ ተዘርግተዋል። ሁሉንም ባንድ እይታ አወቀቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ እህቷን አየች። ያረፈ ፊት ነው፤ ለሰው የሚሰጠው እንኳ የተረፈው ፊት። ቦታውን ከዚህ ፊት መቀበል እንደማትችል ያን ጊዜ ገባት።

«አልደከመኝም ነበር» አለች። «ድሮም አላውቀውም።»