ፋጡማ ያልመታቻት ኳስ

ሰቆጣ በስፖርት መምህርነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሁለት የተነፈሱ ኳሶችና አንድ ወፍራም የእንጨት መምቻ አስረከበኝ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ ነው አሉ። የሚያውቀው የለም። ብቻ ፈርም።»

ፈረምኩ። መምቻው ለዓመታት የመጋዘን በር መደገፊያ ሆኖ ኖረ።

በኋላ ለአሠልጣኝነት ኮርስ ባሕር ዳር ተላክሁ። ባንትን የተማርኩት እዚያ ነው። ባንት ሲደረግ መምቻው አይወነጨፍም። አግድም ተይዞ ኳሷ ራሷ መጥታ ትነካውና እዚያው አጠገብ ትወድቃለች። ተጋጣሚ ሮጦ እስኪያነሳት አንዱ ማዕዘን ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ጓደኛህ ወደሚቀጥለው ማዕዘን ያልፋል። አንተ ግን ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ስትሮጥ አብዛኛውን ጊዜ በኳሷ ተቀድመህ ከጨዋታ ትወጣለህ።

እኔ የዋግ ሰው ነኝ፤ እንጨት ከሰጡኝ እንደ ዱላ ጨብጬ ነው የምይዘው። የመጀመሪያዋ ኳስ ሌባ ጣቴን መታችው። አሠልጣኙ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«የላይኛው እጅህ አይጨብጥም» አሉኝ። «ጣቶችህን ከእንጨቱ ጀርባ ደብቅ። ጉልበትህን አጠፍ አድርግ። ኳሷ ስትደርስ እጅህን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ተቀበላት።»

ጣቴ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የማሳያቸው እሱን ነው።

ሰቆጣ ተመልሼ ካሠለጠንኳቸው ልጆች ሁሉ የላቀችው መቺ ፋጡማ ነበረች። አባቷ ገበያው ዳር ሱቅ አላቸው። «ለክልል ከተመረጠች ትቀጥል፤ ካልሆነ ይብቃትና ሱቅ ታግዘኝ» ብለውኝ ነበር።

ከአምደወርቅ ልጆች ጋር የተጫወትን ቀን ለክልል ቡድን የሚመርጡ ሁለት መራጮች መጡ። ሁለቱም የእግር ኳስ ሰዎች ነበሩ። አባቷም ሱቃቸውን ዘግተው መጡ።

ወደ መጨረሻው ላይ እኩል ነበርን። አንዲት ጓደኛዋ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ቆማለች፤ ሮጣ ወደ መነሻው ማዕዘን ከገባች ነጥብ ነው። ፋጡማ ልትመታ ስትወጣ «ባንት» አልኳት።

«ቲቸር፣ በናትህ ልምታት! ሰዎቹ እያዩኝ እኮ ነው።»

«ባንት ነው ያልኩሽ!»

እንዳስተማርኳት አደረገች። ኳሷ ሁለት ክንድ ያህል ተንከባልላ አፈሩ ላይ ቆመች። ጓደኛዋ ገባች። ፋጡማ ግን ተቀድማ ወጣች። በዚያች ነጥብ አሸነፍን።

እኔ ከልጆቹ ጋር ስጨፍር መራጮቹ ነጥብ ያስገባችውን ልጅ ስም ጽፈው ሄዱ።

አባቷ ወደ እኔ መጡ። «መምህር፣ ልጄ ምን አጥፍታ ነው ያስወጧት?»

ምንም እንዳላጠፋች፣ ያሸነፍነውም በእሷ እንደሆነ፣ ባንት ምን እንደሆነ ጭምር አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ታዲያ ይኼን የሚነግሩት ለእኔ ነው ወይስ ለነሱ?» አሉኝ።

በጣም አፈርኩ። በማግስቱ ለመራጮቹ ስደውል የተመረጡት ልጆች ዝርዝር ተልኳል ተባልኩ። ፋጡማን ከዚያ በኋላ ያየኋት ሱቅ ውስጥ ስኳር ስትመዝን ነው። ሰላም ብላኝ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች።

ዛሬ መራጭ ባለበት ባንት ከማዘዜ በፊት ወደ መራጩ እሄዳለሁ። የመቺዋን ስም እነግረዋለሁ፤ ምን ልታደርግ እንደሆነና ለምን እንደምትወጣም እነግረዋለሁ። ባንት የሚያዝ አሠልጣኝ ይህን መናገር ሥራው ነው። እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።