ድንጋይ ይዘው የሚሳፈሩባት መኪና

ስትገባ የተደናቀፍህበት ድንጋይ ከበሩ ሥር ብዙ ቆይቷል። የማይደናቀፍበት እንግዳ የለም። "ይኸን ለምን አትጥይውም?" ይሉኛል፤ እኔም በሩን ነፋስ እንዳያላጋው ነው እላለሁ። ውሸት አይደለም፣ በሩን ይይዛል። ጎንበስ ብለህ ብታየው መካከሉ እንደ ሰው መዳፍ ጎድጎድ ብሏል፤ አንድ ጎኑ ደግሞ ጥቁር ነው። የሚያዝያ ፀሐይ ያን ጥቁር ጎን ሲመታው የተቃጠለ የሰሊጥ ዘይት የሚሸት ይመስለኛል። ሊሸት እንደማይችል አውቃለሁ። ግን ያን ጊዜ መቀመጥ ያቅተኛል፤ ዕቃ አዘዋውራለሁ፣ አልጋውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እገፋለሁ፣ ሲብስም ነጠላዬን አንሥቼ መንገድ እወጣለሁ።

ያኔ መተማ ነበርን፣ እኔና አባቴ። ጣሊያን ገብቶ የሰነበተበት ዘመን ነው። እናቴን የቆላ ንዳድ ወስዷታል። አባቴ ከጎጃም ይዞት የወረደውን አነጋገር ሳይለቅ ሰሊጥና ማሽላ ያርስ ነበር። ሥራ አልጠላም፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አይረጋልኝም። ፊደል ያወቅሁት ገጹ ከጎደለ ዳዊትና ከሱቅ ዕቃ ከተጠቀለለበት ወረቀት ነው፤ ያስተማረኝ ሰው የለም። ግጥም እገጥም ነበር፤ የሚሰማኝ ግን ሰሊጡ ብቻ ነው። ጎንደር ያለችው አክስቴ "ልጅቱን ላካት፣ ከኔ ጋር ትኑር" ብላ ከላከች ወዲህ እግሬ መሬት አልረገጠም። እያጨድሁ፣ ውሃ እየቀዳሁ፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር።

በዚያ መንገድ ሰው የምትጭን አንዲት መኪና ነበረች። የወታደሮቹን ካሚዮኖች አልቆጥራቸውም፤ እነሱ እኛን አይጭኑም። ይችኛዋ ከካሚዮን ታንሳለች፤ ዙሪያዋን በሳንቃ የተዘጋች፣ በውስጧ ሁለት ረዣዥም አግዳሚ ያላት፣ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ የሚቀመጥባት ነች። ከሱዳን በኩል ተገዝታ ስትመጣ አርጅታ ነው የመጣች። መጀመሪያ የጥጥ እርሻ ሹሞችን ጫነች፣ ቀጥሎ ዱቄት፣ ከዚያ እኛን። ዱቄቱ ከሳንቃው ስንጥቅ ተጠርጎ አላለቀም፤ መንገዱ ባንገጫገጫት ቁጥር ይረግፋል። ከጎንደር የመጣ ሰው ሁሉ ወፍጮ ቤት ያደረ መስሎ ይወርድ ነበር።

ፍሬኗ አይታመንም። ስለዚህ ተሳፋሪ ሁሉ የየራሱን ድንጋይ ታቅፎ ይሳፈራል፤ ድንጋይ ያልያዘ አይሳፈርም። ዳገት ላይ ሾፌሩ "ሐጀር!" ብሎ ሲጮኽ፣ ድንጋይ ማለቱ ነው በዓረብኛ፣ ሁሉም ዘሎ ወርዶ ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር ይወትፋል። ከጎን ቆሞ መወተፍ፣ ወዲያው ገለል ማለት፤ ከኋላዋ የቆመ እንደሆነ ሾፌሩ ይሳደባል። አንድ ጊዜ አንድ መነኩሴ የዶሮ እንቁላል የምታህል ጠጠር ይዘው መጡ።

"አባ፣ ይችን ለጎማ ነው ወይስ ለወፍ?" አላቸው ሾፌሩ።

"ጸሎት ጨምሬባታለሁ" አሉት።

"ጸሎቱ ለቁልቁለቱ ይሁነን፤ ለዳገቱ ተለቅ ያለ ያምጡ።"

ሾፌሩ የመተማ እስላም ነበር፤ መንዳት የተማረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። መኪናዋን እንደ በቅሎ ነበር የሚይዛት። በቀትር አይነዳትም፤ ሾላ ጥላ ሥር አቁሞ ክዳኗን ከፍቶ ያናፍሳታል። ጠዋት ሞተሯን በእጅ ሳያስነሣ በፊት ጆሮውን ክዳኗ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤ ገና ያልተነሣ ሞተር ምን እንደሚነግረው አላውቅም። ክረምት ሲገባ በአራት ድንጋይ ላይ ሰቅሎ ጎማዎቿን ፈትቶ ከቤቱ ወራጅ ያንጠለጥላቸው ነበር፣ የዋልካው ጭቃ እንዳያበሰብሳቸው። "ከኔ በፊት አትሞትም" ይል ነበር፤ ሲለውም አይስቅም።

ልሂድ ባልሁ ቁጥር የአባቴ መልስ ያችው መኪና ነበረች።

"አንች ልጅ፣ ድንጋይ ታቅፈው ለሚሳፈሩባት ሣጥን ነው የምሰጥሽ?"

"በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ።"

"በእግርሽማ አትሄጅም።" ወደ መንገዱ ተመልክቶ፣ "በጋውን ልያት። ክረምት እስኪገባ አንድም ሰው በረሃ ላይ ሳትጥል ከዘለቀች ትሄጃለሽ። ከጣለች ግን ይኸን ወሬ ዳግመኛ አታንሽብኝ" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ነገር የኔ ነገር ሆነ። ድምፅዋን ከሩቅ ለየሁት። ማሳ ውስጥ ሆኜ ከወንዙ ማዶ ስታስል ስሰማ ቀና እላለሁ፤ ሳሏ ሲረዝም ማጭዴ ይቆማል። የገጠምሁላትን ዛሬም አልረሳሁትም፦

አትሳይ አትሳይ፣ አንች የቆላ መኪና፣
የኔም መንገድ ያለው ባንች ደረት ነውና።

አባቴም በገበያ ቀን ዱላውን ተደግፎ መውረጃው ላይ ይቆማል። የሚወርደውን ሁሉ ይጠይቃል፤ "ጣለቻችሁ?" ሰዉ መኪናዋን ይወዳት ስለ ነበር እስከ ጉልበቱ በወንዝ ጭቃ ተላቁጦም ቢሆን "ኧረ አልጣለችንም" ይላል።

"ይኸ ጭቃ ታዲያ ከየት መጣ?"

"ቆማ ነበር።"

"መቆም ሌላ፣ መጣል ሌላ ነው ጌታው" ይላል ሾፌሩ ዱቄቱን ከትከሻው እያራገፈ። "ደከማት፣ ዐረፈች፣ ተነሣች። ወላሂ ሰው ጥላ አታውቅም።"

"እኔም ስሞት ዐረፈ ልትሉኝ ነዋ" አለው አባቴ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጥሁ ነበር።

አንድ ሰሞን መምጫዋ አልፎ ቀረች። ገበያው ተበተነ፣ ሌላ ገበያ ደረሰ፣ የለችም። ያን ሰሞን አባቴ አጥር ሲያጥር ያፏጭ ነበር፤ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ አንድ ከሰዓት ሳሏ ተሰማ። ሮጬ ወጣሁ። ከሥሯ የተሰበረውን ብረት ሾፌሩ በእርጥብ ጠፍር ጠምጥሞ አስሮት፣ ጠፍሩ ሲደርቅ ከብረቱ ይልቅ ጠንክሮ፣ የጫነችውን ሰው ሁሉ ይዛ ገባች። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን አየው። "የማን በሬ ቆዳ ነው?" ብሎ ብቻ ጠየቀና ወደ ቤት ሄደ። አጥሩን ሲጨርስ ፉጨት አልነበረም።

በጋው ሊያልቅ ሲል ወታደሩ በድንበሩ ላይ በዛ። መድፍ ሲጎትቱ አየን። ከማዶ በቆርቆሮ ይመጣ የነበረው የሞተር ዘይትም ቀረ። ሾፌሩ ግመል እየዞረ ሰሊጥ ወደሚጨምቅበት ሄደ፤ ውሃ ልቀዳ ስወርድ በዚያው አልፌ አይቼዋለሁ። ግመሉ ዓይኑን ታስሮ ይዞራል፣ የመጭመቂያው ግንድ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ዘይቱ ለብ እንዳለ ይንጠባጠባል።

"ለወጥ ነው?" አለው ጨማቂው።

"ለሞተር።"

"ሞተርስ ትጾማለች?"

"ጊዜው የጾም ነው፤ ትጹም። ዘይት ከሆነ ዘይት ነው።"

እኛም እንደዚያው አሰብን። በሰሊጥ አገር የሰሊጥ ዘይት ያልሆነው ነገር የለም፤ ለወጥም፣ ለራስ ቅባትም፣ ለግመል ቁስልም ነው። እሳት ሲያገኘው እንደ ሙጫ እንደሚይዝ ማን አሰበው? መኪናዋ በማግስቱ ስታልፍ መንደሩ ሁሉ መጥበሻ መጥበሻ ሸተተ። ውሾች ተከተሏት። "ዛሬ ደግሞ ምን ትጠብሳለች?" አለ አባቴ። ከዚያ ፊቱን ወደ መድፎቹ አዙሮ ብዙ ቆየ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በማለዳ ቀሰቀሰኝ። "ተነሽ፣ ዛሬ ነው።"

"በጋው አላለቀም" አልሁት፤ ለምን እንዲያ እንዳልሁ አላውቅም።

"በጋውን እኔ ቆርጨዋለሁ። ተነሽ።"

አብሮኝ እስከ ጎንደር ሊያደርሰኝ ነበር ሐሳቡ። መኪናዋ ዘንድ ስንደርስ ለኔ ከመንገድ ዳር ያነሣልኝን ድንጋይ ሰጠኝ። እሱ ከጋቢው ሥር ያወጣው ግን ማጭዱን የሚስልበትን ድንጋይ ነበር። ያን ድንጋይ ከጎጃም በትከሻው ይዞት እንደ ወረደ እናቴ ትነግረኝ ነበር። መካከሉን ማጭድ በልቶት ጎድጉዷል።

"ጌታው፣ አጨዳ ነው የምንሄድ?" አለው አንዱ ተሳፋሪ።

"የማውቀው ድንጋይ ይሻለኛል" አለ አባቴ፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ያዘው።

ያን ቀን ገንዳ ውሃ ደረስን። በማግስቱ ገና ሳይሞቅ ወደ ጭልጋ የሚያወጣውን ዳገት ጀመርን። "ሐጀር!" ሲል እንወርዳለን፣ እንወትፋለን፣ እንሳፈራለን። ጭሱ በሳንቃው ስንጥቅ እየገባ ከዱቄቱ ጋር ተቀላቀለ። ረፋድ ላይ ድምፅዋ ተለወጠ። ሳል አልነበረም፤ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ይመስል ነበር። ሾፌሩ አቆማት፣ ወተፍን፣ ክዳኗን ከፈተ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"ጌታው፣ ዘይቱ ከዳኝ" አለው አባቴን፤ ከሁሉም ትልቅ እሱ ስለ ነበር። "እዚህ ካቆምኋት ትድናለች። ከገፋኋት ሞተሯ ይያዛል፤ ከተያዘ ኸላስ፣ አለቀ።"

"ብታቆማት መቼ እንነሣለን?"

"ደህና ዘይት ሲገኝ። ከተገኘ።"

ቤት የሌለበት፣ ውሃ የሌለበት ቦታ ነበር። እዚያ ከቆመች በረሃ ላይ ጣለችን ማለት ነው። አባቴ "አቁማት" የሚል አንድ ቃል ቢናገር ቁልቁል ይዞኝ ይመለሳል፤ ቃሉን የበላም አይባልም። አባቴ ወደ መጣንበት ቆላ ተመለከተ፣ ከዚያ ድንጋዩን አየ።

"መኪናዋ ያንተ ናት" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ አቁማት አልልም።"

ሾፌሩ ወደኔ ዞረ። ስለ በጋው ፈተና ያውቃል፤ በመተማ ያላወቀው ሰው አልነበረም። "ያ ቢንቲ" አለኝ፣ ልጄ እንደ ማለት ነው፣ "ድንጋይሽን አጥብቀሽ ያዢ።" ሄዶ አስነሣት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት የማስታውሰው በተቃጠለው ዘይት ሽታ ነው። ሾፌሩ መሪውን ይዞ በዓረብኛ አንድ ነገር ይላታል፤ እንደሚያለቅስ ሕፃን ያባብላታል። የመጀመሪያዎቹ የጭልጋ ጎጆዎች ታዩ። አንዲት ሴት ከደጇ ቀና ብላ አየችን። ያን ጊዜ ከውስጧ አንድ ነገር ጓ አለ፤ ድምፅ የሚባል ጠፋ፣ ወደ ኋላም መንሸራተት ጀመረች።

"ሐጀር!"

ቀድሞ የወረደው አባቴ ነበር። የሌሎቻችን ድንጋይ እየተንከባለለ አለፈ፤ የሱ ያዘ። መኪናዋ ተንገጫግጫ በላዩ ተቀመጠችና ቆመች። ከሞተሯ የሚወርደው ጥቁር ዘይት በዳገቱ ተንቆርቁሮ መጥቶ ድንጋዩን አጠበው። ሾፌሩ ክዳኗን አልከፈተም፤ እጁን ብቻ ጫነበት፣ ሲያቃጥለውም አላነሣም።

አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረ። "በረሃ ላይ ጣለችኝ የሚል አለ?"

አንድም ሰው አልተናገረም።

"እኔም ምስክር ነኝ። አልጣለችም።"

ሾፌሩ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ወደ ጎንደር የሚሄዱ ነጋዴዎች በዚያው ተገኙና ከነሱ ጋር ተቀላቀልሁ። ነጋዴዎቹን አምናቸዋለሁ አለ አባቴ፤ ሰማዩ ጠቁሯል፣ የዘር ጊዜ ደርሷል፣ ከብቶቹም ጎረቤት ዘንድ ናቸው። ድንጋዩን ለማውጣት ጎንበስ ሲል ሾፌሩ ያዘው። "ተወው ጌታው፤ እሱ ከወጣ ገደል ትገባለች። በሬ ተገኝቶ እስክትጎተት ይቆይልኝ።"

"ማጭዱንስ በምን ትስላለህ?" አልሁት።

"ሰሊጥ እስኪደርስ ድንጋይ ይጠፋል ብለሽ ነው?" አለኝ። ግንባሬን ሳመኝ፤ ጺሙ ላይ ዱቄት ነበረበት። ከዚያ በእግሩ ቁልቁል ሄደ።

ያን ክረምት በመተማ በኩል ተኩስ ተከፈተና መንገዱ ተዘጋ። ሰሊጡ ሳይደርስ አባቴን ንዳድ እንደ ወሰደው የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ማን እንደ ቀበረውም በወጉ የነገረኝ የለም። ጎንደርን እየዞርሁ አየሁት። እንዳሰብሁት አልነበረም፤ ይኸን ግን ለማንም አልተናገርሁም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በመጣው በጋ ወደ ቆላ ወረድሁ። ጭልጋ ዳር መኪናዋ እዚያው ቆማለች። ሾፌሩ ወደ ሱዳን ተሻግሯል አሉኝ፤ የሌላ ሰው መኪና ይነዳል። ሳንቃዋን ለበርና ለአልጋ ወስደውታል። ከቀረው አግዳሚ ሥር ዶሮ ታቅፋለች፤ ስንጥቁን በጣቴ ብነካው ዱቄት ወጣልኝ። ከኋላ ጎማዋ ሥር የአባቴ ድንጋይ እንደ ተወተፈ ነበር።

ሾፌሩ እንዳስተማረን ከጎን ቆሜ በሁለት እጄ ሳብሁት። ሲላቀቅልኝ ድንጋዩን እንደ ታቀፍሁ ዘልዬ ገለል አልሁ፣ ትንሸራተታለች ብዬ። ቆሜ ጠበቅኋት። ዶሮዋ ብቻ አንገቷን አውጥታ አየችኝ። መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም።