ያልተፈታው ሽቦ

በኪናሺ መንደር የድንክ ጥድ ገበያ ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ይቀመጣል። ጥፍሮቹ በሙጫ ጠቁረዋል። ከፊቱ ሸክላ ውስጥ ያደገች፣ ክንድ የማትሞላ ጥድ አለች። እኛ የገበያው ጥድ አሳዳጊዎች ቅርንጫፍ ለመግራት የጠመጠምነውን ሽቦ ቅርፊቱን ሳይበላው እንፈታለን፤ የሱ ግን እንጨቱ ውስጥ ሰምጧል።

ዛሬ አንድ ነጋዴ አላስቻለውም። «አባባ፣ ዓይንዎ ደከመ እንዴ? ታንቃ ልትሞት እኮ ነው። ፒንሳ ላውስዎት?»

«ተወው። የጠመጠመው ልጄ ነው። ዓሣ ሊያጠምድ ባሕር ሲወጣ ‹እስክመለስ እንዳይነኩብኝ፤ እኔው እፈታዋለሁ› ብሎኛል።»

«መቼ ነው የወጣው?»

«የዛሬ ስድስት ዓመት።»

ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ለምን ሊሸጧት አመጧት?»

«ታምሜያለሁ። ሽቦውን ሳይፈታ የሚጠብቅለት ሰው እየፈለግኩ ነው።»